አንድም ቃል አልጠፋም

መልእክቱ ሲመጣ ፊደሌ የምሳ ዕቃዋን ከፍታ ገና አልቀመሰችም ነበር። የላከው ልብስ ማጠቢያ ቤት ያለው ሰው ነው። መልኩንም አገሩንም አታውቅም፤ በኢንተርኔቱ መወያያ መድረክ ላይ ሁሉም "ባለ ላውንደሪው" ነው የሚሉት።

"አዲሱ ገጻችሁ ግልጽ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ" ይላል። "ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳልለምን የሙቀት መለኪያውን ራሴ ቀየርኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ብሎኑን ስፈታው እንፋሎቱ ፊቴ አጠገብ ተተኮሰ፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ቀድሜ ማስወጣት ነበረብኝ እንዴ?" ከሥሩ የምትስቅ ፊት አስቀምጧል።

"እንዴ ይላል እንዴ!" አለች ፊደሌ ጮክ ብላ። አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ ቀና ብሎ አያት። እንፋሎቱን ሳያስወጣ ብሎን የሚፈታ ጤነኛ ሰው አለ? በትልቁ ተጽፎ የለም? ሰዉ ማንበብ ትቷል ማለት ነው። ይህን እያለች ገጹን ከፈተችው፤ ለባለ ላውንደሪው መስመሩን ቆርጣ ልትልክለትና ትንሽም ልትገስጸው። ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ስለ እንፋሎት ምንም የሚል ነገር የለም። ከግርጌው ብቻ፣ "ተጨማሪ ማንበብ ለሚፈልጉ" ከሚለው ሥር፣ በትንንሽ ፊደል "ስለ እንፋሎት ባሕርይ" የሚል ማያያዣ አለ። እዚያ ያስቀመጠችው ራሷ ናት።

ያን ጊዜ ዳቦ ጋጋሪው ወንድሟ ጠዋት በስልክ ያላት ትዝ አላት። "መለኪያው መጣልን። ዳቦው ከወጣ በኋላ ዛሬውኑ እንቀይረዋለን፣ ያንቺን ወረቀት እያየን!" ብሏት ነበር።

ነገሩ የሚገባው የኋላውን ለሚያውቅ ነው። "ምድጃ" የሚባለው ፕሮግራም የእንፋሎት ማሽንን የሚቆጣጠር ሲሆን፣ በእንፋሎት የሚሠራ ሁሉ፣ ዳቦ ጋጋሪውም ልብስ ተኳሹም፣ በነፃ የሚጠቀምበት ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ባለቤት የለውም፣ ደመወዝ የለውም፤ ያለው ፍቅርና ጭቅጭቅ ብቻ ነው። የጀመሩት አንድ የቦይለር መሐንዲስ ናቸው። ፊደሌ ያኔ ገና አልተወለደችም። ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ በየአገሩ የተበተኑት የፕሮጀክቱ ሰዎች "አባባ" ይሏቸዋል።

አባባ ስለ ማሽኑ አጠቃቀምና ጥገና የጻፉት መመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ግን እንዴት ያለ ገጽ! ወደ ታች ቢወርዱት ቢወርዱት አያልቅም። ቀልድ አለበት፣ ስድብ አለበት፣ አባባ ከአንድ የቧንቧ ነጋዴ ጋር የተጣሉት ጠብ ሳይቀር አለበት። "ጥቅልሉ" ነበር ስሙ። ገና ሲጀምር እንዲህ ይላል፦ "ማንኛውንም ብሎን ከመንካትህ በፊት እንፋሎቱን አስወጣ። ፉጨቱ እስኪያልቅ ጠብቅ። ይህን አንዴ ብያለሁ፤ ከዚህ በታች በየሥራው እየደጋገምኩ አላሰለችህም።" እውነትም አልደገሙትም። ጥቅልሉን የሚያነብ ሁሉ ከላይ ነበርና የሚጀምረው፣ መድገም አላስፈለጋቸውም።

ዘመኑ ግን ተለወጠ። አዳዲስ ሰዎች ጥቅልሉን ከፍተው፣ ርዝመቱን አይተው፣ እግሬ አውጪኝ ማለት ጀመሩ። ፊደሌ በምትሠራበት የውሃ ቆጣሪ ፋብሪካ ሰነድ ጻፊ ናት፤ ሙያዋ ነው። አዲሱን ደንብ እናምጣ ብላ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። አንድ ገጽ አንድ ሥራ ብቻ ይያዝ። ሥራውና ማብራሪያው ይለያዩ፤ የሚሠራ ሰው ትምህርት አይፈልግም። አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ፤ ድግግሞሽ ይጥፋ። ማንም ሰው ብቻውን ገጽ አይቀይር፤ ሁለተኛ ሰው አይቶ ያጽድቅ። ሁሉም ልክ ነበር፤ ታላላቆቹ ፕሮጀክቶች ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠሩት። ክርክሩ ወራት ፈጀ፣ የተኮራረፈም አለ፤ በመጨረሻ አሸነፈች።

አባባ የለመኗት አንድ ነገር ነው። "የኔ ልጅ፣ ጥቅልሉም እንደኔው አርጅቷል፣ ቀዳዱት። ብቻ ምንም እንዳይጠፋብኝ።"

"ቃሌ ነው አባባ" አለቻቸው።

ቃሏንም ጠበቀች። የጥቅልሉን እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከአዲሶቹ ገጾች ጋር እያስተያየች፣ የቧንቧ ነጋዴውን ጠብ ሳይቀር "ታሪካችን" የሚል ገጽ ሰጥታ፣ ሁሉንም አሰፈረች። የእንፋሎቱ ነገር ሥራ ሳይሆን ለሥራ ሁሉ የሚሆን ዕውቀት ስለሆነ ማብራሪያ ውስጥ ገባ፤ ቆንጆ ሥዕልም ተሣለለት። ጨርሳ ለመድረኩ "አንድም ቃል አልጠፋም" ብላ ስትጽፍ ጭብጨባው ቀለጠ። አልዋሸችም። አንድም ቃል አልጠፋም ነበር።

አሁን የወንድሟን ስልክ መታች። ይጠራል፣ አይነሳም። ይህም የታወቀ ነው፤ ዱቄት ስልክ ይገድላል ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚውለው። የዳቦ ቤቱን ስልክ መታች፤ ተይዟል። እንደገና መታች፤ ተይዟል። ዳቦ የሚያዝ ደንበኛ አንዴ ከጀመረ መች ይጨርሳል!

በስልኩና በስልኩ መሀል ገጹን ልታርመው ሞከረች። ባለ ላውንደሪው ለጥቂት ተረፈ፤ ሌላው ላይተርፍ ነው። ከመጀመሪያው ተራ በላይ "መጀመሪያ እንፋሎቱን አስወጣ፤ ፉጨቱ እስኪያልቅ ጠብቅ" ብላ ጻፈችና አሳትም የሚለውን ነካች። "የሁለተኛ ሰው ማረጋገጫ ይጠበቃል" አላት ማሽኑ በትሕትና። ያንን ደንብ ያወጣችው ማን ሆነና! "ምን በላኝ" አለች። ማጽደቅ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አባባ ናቸው፤ ስልካቸውን የሚከፍቱት ራሳቸው መደወል ሲፈልጉ ብቻ ነው። ሌላው "ጠንቃቃው" የሚባል በጎ ፈቃደኛ ነው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ የማያመልጠው ሰው። "አስቸኳይ፣ እባክህ" ብላ ላከችለት።

ደግሞስ ገጹ ቢታረም ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ይታረማል? የተለጠፈው ባለፈው ሳምንት ነው፤ የለጠፈችውም እሷው። ለዓመታት ምድጃው አጠገብ ተንጠልጥሎ ዱቄትና ቅባት ያጠገበውን የጥቅልሉን መጀመሪያ ገነጣጥላ ጣለችው፤ በምትኩ ነጭ፣ ባለ ትልልቅ ቁጥር፣ አምስት ተራ ብቻ ያለው ወረቀት ሰቀለች። ወንድሟ ወረቀቱን እንኳ ሳያይ "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ብሎ ሊጡ ላይ አጎነበሰ። ጮቤ የረገጠችው ሚስቱ ናት።

ፊደሌ "እትዬ" የምትላት ይህችን ሴት ነው። እናቷ ስትሞት ፊደሌ ገና ጥርስ የምትቀይር ልጅ ነበረች፤ ጸጉሯን አበጥራ፣ ደብተሯን ሸፍና፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ ያመላለሰቻት እትዬ ናት። ያገኘችውን ሁሉ፣ የስኳር ከረጢት ሳይቀር ስታነብ አይታ "ፊደሌ" ያለቻትም እሷ ናት። አዲሱ ወረቀት ሲረቀቅ የመጀመሪያዋ አንባቢ እንድትሆን የመረጠቻትም ለዚህ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስትዘረጋላት እትዬ እያንዳንዱን ተራ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "ይሄው ነው? ይሄ ሰውዬ ይሄን ሁሉ ዘመን 'አንቺ አይገባሽም፣ ራቂ' ሲለኝ የነበረው ይሄንን ነው? ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ!" ብላ ሳቀች። ፊደሌ ያን ሳቅ በመድረኩ ላይ ሳይቀር አውርታዋለች፤ ደንቡ ለመሥራቱ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ ብላ።

ምሳ ዕቃዋን እንደተከፈተ ጥላው ወጣች። ባልደረባዋ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲል በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ታክሲ ያዘች፤ ታክሲው ከድልድዩ ሥር ቆመ። ቧንቧ ሊቀብሩ መንገዱን ቆፍረው መኪናው ሁሉ በአንድ ጎን ሊያልፍ ይጋፋል። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ "የት ይኬዳል ብለሽ ነው፣ ተረጋጊ" አላት። ተረጋጊ! በሩን ከፍታ ወረደችና ሮጠች። ጫማዋ የቢሮ ጫማ ነው፣ ለሩጫ አልተሠራም፤ አውልቃ በእጇ ያዘችው። አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያያታል። እየሮጠች የወረቀቱን አምስት ተራ በልቧ ትወጣዋለች። አንድ፣ ማሽኑን ከስክሪኑ ላይ አጥፋ። ሁለት፣ ሽቦውን ንቀል። ሦስት፣ የመለኪያውን ብሎን በመፍቻ ፍታ። ከሁለትና ከሦስት መሀል ወንድሟ ቆሞ ይታያታል፣ ፊቱን ወደ ብሎኑ ጠጋ አድርጎ፤ ዓይኑ ስለደከመ ሁሉን ነገር ጠጋ ብሎ ነው የሚያየው። "አምላኬ፣ ዳቦው ይርፈድበት። ሊጡ እንቢ ይበለው። መፍቻው ይጥፋበት።" እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልያ አታውቅም።

ከጎሚስታው ጋ ስትታጠፍ ወንድሟን አየችው።

የዳቦ ማድረሻ ባጃጁ ላይ ተደግፎ ከጎሚስታው ጋር እየተሳሳቀ ነበር። ፊቱ ደኅና፣ እጁ ደኅና፣ ቅንድቡ ላይ እንደ ሁልጊዜው ዱቄት። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ማልቀስና መሳቅ ተደባለቀባት።

"ምነው፣ ሎተሪ ደረሰሽ?" አላት ወንድሟ። "ጫማሽስ ምን አድርጎሽ ነው በእጅ የያዝሽው?"

"ጋሼ… መለኪያውን አልቀየርከውም? ተመስገን! አትንካው፣ ወረቀቱ…"

"እኔማ መች አስነካችኝ! እትዬሽ መፍቻውን ከእጄ ነጥቃ 'ዛሬ የኔ ተራ ነው፣ አንተ ዳቦህን አድርስ' ብላ አባረረችኝ። የዳቦ ቤቱንም ስልክ ደንበኛ እንዳይረብሸኝ ብላ እጀታውን አንስታ አስቀምጣዋለች። ኢንጂነር ሆናልኛለች እኮ።"

ጎሚስታው ሳቀ። ወንድሟም ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። "ምንድን ነው?" አላት። እሷ ግን እየሮጠች ነበር። ባጃጁን አስነስቶ ደረሰባትና እየሄደ ጎትቶ አስገባት።

ከሩቅ ሲያዩት የዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከበሩ አናት ነጭ እንፋሎት እየተግተለተለ ይወጣል። የሰው መሰብሰብ ደግ ነገር ኖሮት አያውቅም። ወንድሟ ባጃጁን መሀል መንገድ ላይ ትቶት ገባ፤ እሷም ተከተለችው።

እትዬ የዱቄት ከረጢቶቹ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ በጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሰችባት ነው። ሁለት እጆቿን የሌላ ሰው ይመስል ከገላዋ አርቃ ይዛቸዋለች። ፊቷ ከግንባሯ እስከ አገጯ ቀልቷል፣ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፤ ስትተነፍስ ብቻ ነው ድምፅ የምታሰማው። መፍቻው ወለሉ ላይ ወድቋል። ወረቀቱ ከነቁጥሮቹ ግድግዳው ላይ አለ፤ ጠርዙ ረጥቦ ተጠቅልሏል እንጂ ጽሑፉ ይነበባል።

"ማን ነው የመጣው?" አለች እትዬ።

"እኔ ነኝ" አለ ባሏ። ፊደሌ እኔም አለሁ ማለት አልቻለችም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ሐኪሙ ወጥቶ እጆቿ እንደሚድኑ ነገራቸው። ስለ ዓይኖቿ ግን ዛሬ ምንም ማለት እንደማይችል፣ እብጠቱ ሲቀንስ እንደሚታይ ተናገረ። "ታያለች አይደል?" ሲል ወንድሟ ለመነው። ሐኪሙ ትከሻውን ነካ አድርጎት ሄደ።

ወንድሟ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "እንዴት ነው ያላየችው? ሀ ብሎ የሚጀምረው እኮ በሱ ነው፤ 'እንፋሎቱን አስወጣ' ብሎ፣ በትልቁ! እኔ በቃሌ ነው የማውቀው። ወረቀቱ ላይ አለ ብዬ ነው አፌን ዘግቼ የሄድኩት። ችኩል ናት፣ ሁልጊዜም ችኩል ናት። ዘለለችው!"

ፊደሌ ያኔ መናገር ነበረባት። ይህ ሰው ሌሊት ሊጥ እያቦካ ነው ያስተማራት። እሱ የሚያስታውሰው ወረቀት ቅርጫት ውስጥ መግባቱን፣ ያስገባችውም እሷ መሆኗን አሁን እንዴት ትንገረው? ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። ጠንቃቃው ነበር።

"ጤና ይስጥልኝ። የላክሽውን ለውጥ በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ይህ ዐረፍተ ነገር 'ስለ እንፋሎት ባሕርይ' በሚለው ገጽ ላይ ቃል በቃል ይገኛል። አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ ይጻፍ የሚለውን ደንባችንን ስለሚጥስ አላጸደቅኩትም። ደንቡን ያረቀቅሽው አንቺ ስለሆንሽ ትረጂኛለሽ ብዬ አምናለሁ። ለምታደርጊው ሁሉ እናመሰግናለን።"

ሰውየው አንድም ስህተት አልሠራም። ያስተማረችውን ነው የመለሰላት። "ሰው ተቃጥሏል። እባክህ አሳልፈው" ብላ ጻፈች። መልእክቱ ሄደ፤ ከስሙ ጎን የነበረችው አረንጓዴ ነጥብ ግን ጠፍታለች። ስልኩን አፍጥጣ አየችው፤ ነጥቧ አልተመለሰችም። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ሦስተኛው ተራ ላይ እንደሆነ አሰበች። ግድግዳው ላይ ራሷን ብትፈጠፍጥ በወደደች።

ነርሷ በሩን ከፍታ "ፊደሌ የምትባለው ማን ናት? ስምሽን እየጠራች ነው" አለች።

እትዬ ዓይኗም እጇም በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ተኝታለች። አፏ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከንፈሯ አብጧል።

"መጣሽ?" አለች። "ተቀመጪ። አታልቅሺ፣ ስታለቅሺ አተነፋፈስሽ ያስታውቃል። እስኪ ያንን ወረቀት አንብቢልኝ። ስልክሽ ላይ አለ አይደል?"

"እትዬ፣ አሁን ተዪው…"

"አልተወውም። ከተቃጠልኩ ጀምሮ እሱን ነው የማስበው። የቱን ዘለልኩ? በጣቴ እየተከተልኩ ነው እኮ የሠራሁት፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ። ወንድምሽ ነግሮኝ ነበር፤ አንቺ አይገባሽም ብሎኝ ነበር። የቱ ጋ እንደጠፋብኝ ልወቀው።"

ፊደሌ ስልኩን ከፈተች። ገጹ እንደነበረ ነው። ድምፅዋን ለማቅናት ሞከረችና ጀመረች።

"አንድ። ማሽኑን ከስክሪኑ ላይ አጥፋ።"

"አጥፍቻለሁ።"

"ሁለት። ሽቦውን ንቀል።"

"ነቅያለሁ። ቀጥይ።"

"ሦስት። የመለኪያውን ብሎን… በመፍቻ ፍታ።"

"ፈታሁት። እዚያ ላይ ነው የመጣብኝ።" እትዬ ራሷን ከትራሱ ላይ ትንሽ ቀና አደረገች። "ቆይ። ሦስት ነው ያልሽው? ከዚያ በፊት ሌላ የለም?"

"የለም እትዬ።"

"ከላዩስ? ከአንድ በፊት?"

"ምንም የለም። እትዬ ስሚኝ፣ ጥፋቱ…"

"እንግዲያው አልዘለልኩም!" ያበጠው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ የሆነ ደስታ ነበረበት፤ ፊደሌን ከለቅሶ ሁሉ ይልቅ ያ ደስታ አንጀቷን በላው። "አንድም አልዘለልኩም! እንዳለሽው ነው የሠራሁት። ጥሪው እስኪ ወንድምሽን። እሱም በጆሮው ይስማ። ችኩል ናት እያለ ነው አይደል እዚያ ውጭ? አውቀዋለሁ እኮ። ጥሪውና አንብቢለት።"

መጥራት አላስፈለገም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ወንድሟ ገባና እግርጌዋ ቆመ። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያፍተለትለዋል። ሚስቱን እያየ ዓይኑ ሞላ።

"አዳምጥ" አለችው እትዬ ወደ ኮቴው ዞራ። "ፊደሌ፣ ከመጀመሪያው።"

"አንድ" አለች ፊደሌ። "ማሽኑን ከስክሪኑ ላይ አጥፋ።"

ወንድሟ ገና ከመጀመሪያው ተራ ቅንድቡን ሰበሰበ፤ የሚያውቀውን መስመር እየጠበቀ ነበር።

"ሁለት። ሽቦውን ንቀል።"

አሁንም ጠበቀ። ቆቡን ማፍተልተሉን አቆመ። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ በቃሉ የሚያውቀውን እያለው ነበር። ከዚያ ዓይኑን ከሚስቱ ላይ አነሳና ቀስ ብሎ እህቱን አያት።

"ምነው ቆምሽ?" አለች እትዬ። "ቀጥይለት እንጂ።"

ፊደሌ ሦስተኛውን አነበበች።